ጡት አልይዝ ያለች የ9 ቀን አራስ፦ ከቦሌ አራብሳ የለጠፍኩት ጥያቄና የመጡልኝ 46 መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። መብራት የለም። ስልኬ 14 በመቶ ቀርቶታል። ልጃችን ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ታለቅሳለች፣ ጡቱን ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ እንደገና ታለቅሳለች። ባለቤቴ ልጅቷን ባስጠጋች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። የጡቷ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ደም ጀምሮታል። አማቴ ደግሞ ወተቱ ውሃ ሆኗል ብለው ደምድመዋል። የላም ወተት በውሃ አቅጥነን እንድንሰጣት ከትናንት ጀምሮ እየወተወቱን ነው።

የጠየቅኩት ይህን ነው። ጡት ማስጠባትን ሙያዬ ብሎ የያዘ፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል ወይ? ከተገኘስ እኛ ጋ፣ ከተማው ጫፍ ድረስ ይመጣል? ለዚህ ገንዘብ መክፈልስ ያዋጣል ወይስ ቅንጦት ነው? ልጅቷ ስትወለድ 3 ኪሎ ከ100 እንደነበረች፣ ትናንት ስትመዘን ግን 2 ኪሎ ከ800 መሆኗን ጨመርኩበት። ወንድ መሆኔን አልጻፍኩም። ደብቄ ሳይሆን ትዝም አላለኝ።

ከዚያ በኋላ መልሱ ጎረፈ። አሁን 46 ደርሷል። ከጥያቄዬ ሥር የተደረደረው የመልስ ክር ረዝሞብናል ላላችሁኝ፣ ልጅቷ ደረቴ ላይ ተኝታ በአንድ እጄ እየጻፍኩ የተባባልነውን ልተርክላችሁ። አንዳንዱን እዘለዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ሌሊቱን ነው የመጡት። እናቶች በዚያ ሰዓት እንደማይተኙ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቁጥር 1 እህቴ ብላ አጽናናችኝ። ቁጥር 2 አጥሚት በብዛት እንድጠጣ መከረችኝ። ቁጥር 3 አብሽና ተልባ አዘዘችልኝ። ቁጥር 4 ከሁሉም ቀሪቦ ይሻላል አለች። ቁጥር 5 ቀሪቦን አጣጥላ ማልት አመጣች። 4 እና 5 በዚህ ላይ ትንሽ ተነካከሱ። እኔ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የታዘዘልኝን መጠጥ ስቆጥር ሳቄ መጣ። ባለቤቴ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የጠጣችው አጥሚት ሆዷ ውስጥ ይንቦጫቦጭ ነበር።

ቁጥር 6 ከየካ አባዶ የጻፈች እናት ናት። መልስ ከመስጠት በፊት መጀመሪያ የጠየቀች እሷ ነች። በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ዳይፐር በሽንት ይርሳል? ሕመሙ ስትጀምር ብቻ ነው ወይስ እስክትጨርስ? ልጅቷ ስትለቅ የጡቱ ጫፍ ምን ዓይነት ቅርጽ ይዞ ይወጣል? በስልኬ መብራት ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሦስተኛውን ስትሰማ ቀና አለች። በአንድ በኩል ተጠፍጥፎ፣ ሰያፍ እንደተቆረጠ ሸምበቆ ሆኖ ነው የሚወጣው አለችኝ። ጻፍኩት። ቁጥር 6 ተመልሳ ልጅቷ የያዘችው ጡቱን ሳይሆን ጫፉን ብቻ እንደሆነ ነገረችን። ጫፉ ብቻ ሲያዝ እናት ትቆስላለች፣ ልጅም ወተቱን አታገኘውም። ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረንም ነበር። የወለደችበት ቦታ የሰጡን ምክር አንድ ቃል ነው፤ አጥቢ።

ቁጥር 7 ሕመሙ ያለ ነው፣ ቆዳው እስኪለምድ ቻዪው ብላ ነበር። ቁጥር 8 ወዲያው አረመቻት። በመጀመሪያ ቀናት ልጅ ሲይዝ ለአፍታ ቆንጠጥ ማድረግ እንዳለ፣ መሰንጠቅና መድማት ግን አያያዙ ልክ አለመሆኑን እንደሚያሳይ አስረዳች። ቻዪው የሚባለው ምክር ስንቷን እናት ወደ ጡጦ እንደገፋት ጨምራ ጻፈች። ቁጥር 7 አልመለሰችም። የልብ ምልክት ብቻ አስቀምጣ ሄደች።

ከዚያ ቁጥር 9 መጣች። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ተራ እየገባች ሳይሆን አይቀርም ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው የጻፈችው። ስለ አጥሚትም ስለ አያያዝም አላነሳችም። ቀጥታ ወደ ኪሎው ነው የሄደችው። ከ3,100 ግራም 300 መቀነስ 10 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አራስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ክብደት ይቀንሳል፣ ያ ያለ ነው፤ እስከ 7፣ ቢበዛ እስከ 10 በመቶ። በዘጠነኛው ቀን ግን መጨመር ጀምሮ መሆን አለበት። በሁለት ሳምንት ደግሞ የልደት ክብደቱን መመለስ ይጠበቅበታል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ መሽናት አለባት። ስለዚህ አማካሪ ፍለጋው ይቆይና ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሄዳ ትታይ አለች። ካንቀላፋች፣ ትኩሳት ካላት ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ይህን አንብቤ ከመጨረሴ በፊት እንድነሳ አዘዘችኝ። አጻጻፏ ቆጣ ያለ ነው። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም።

ቁጥር 10 እኔው ነኝ። አመሰገንኩ፣ እየሄድን ነው አልኩ፣ አባት መሆኔንም ያኔ ጻፍኩ። የክሩ ድምፅ እዚያ ላይ ተለወጠ። 11 ሳቀችብኝ። 12 መረቀችኝ። 13 ወንድ ልጅ በአራስ ጓዳ ምን አገባው፣ ሴት የለም ወይ ቤቱ ውስጥ ብሎ ተነሳ። 14 ለ13 መልስ ሰጠች። የቤቱ ሴት ሁለት እጇም እንደተያዘ፣ አባትየው በነጻ ጣቱ ቢጽፍ ማን እንደሚጎዳ ጠየቀችው። ለምሳ የሚሆን ጠብ ነበር፤ እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ የነበረው ወረፋ ደረጃው ድረስ ነው። ልጅቷን መዘኗት፣ ሙቀቷን ለኩ፣ ዓይኗንና ቆዳዋን አዩ። በሽታ የለባትም። ያስተናገደችን ባለሙያ ጡት እንዴት እንደሚያዝ ልታሳየን ጀምራ ነበር፤ ከኋላችን ምጥ የያዛት መጣችና ሮጠች። የሚያውቅ ሰው እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። የጠፋው አጠገባችን የሚቀመጥበት ግማሽ ሰዓት ነው። ጥያቄዬ ስለ ገንዘብ መስሎኝ ነበር። ለካ ስለዚያ ግማሽ ሰዓት ኖሯል።

ስንመለስ ክሩ አማቶች ላይ ዘምቷል። ቁጥር 15 በሀገራችን ጡት የሚያበላሹት አማቶች ናቸው ብላ ጀመረች። እንገር ቆሽሿል ብሎ ማለብና መጣል፣ ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃ፣ ጤና አዳም፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ሁሉንም ደረደረችው። 16 አጨበጨበች። አማቴ ከጎኔ ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይከትፋሉ። ስልኬን ገለበጥኩት።

ቁጥር 17 ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ጉዳዩ በሙሉ የተደበቀ ማስታወቂያ እንደሆነ ደረሰበት። አሁን ጠያቂው አማካሪ ያገኛል፣ ከዚያ ስልክ ይለጥፍልናል፣ ተጠንቀቁ አለ። ስድስት ሰው ወደደለት።

ቁጥር 18 ላይ ቆም ልበል። አያት ናቸው፤ ልጆቼ ብለው ነው የጀመሩት። የልጅ ልጃቸው እየጻፈላቸው መሆኑን መጀመሪያ ተናገሩ። ለ15 የሰጡት መልስ ጨዋ ነው፤ ግን ጠንካራ። ስህተቱን አልካዱም። በሁለቱ የመጀመሪያ ልጆቻቸው ጊዜ እንገሩን መሬት ላይ አልበው ጥለዋል። ሦስተኛውን ጤና ጣቢያ ሲወልዱ ያች ቢጫ ወፍራም ጠብታ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት እንደሆነች ነገሯቸው። እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ግን ደግሞ አንድ ነገር ጠየቁ። እኛ ጡት ማጥባት ከማን የተማርን ይመስላችኋል? ልጅ ሳሉ እናታቸው፣ አክስታቸው፣ ጎረቤታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ሲያጠቡ እያዩ ነው ያደጉት። አራስ ቤት ሲገቡ ሁለት ሦስት ሴት አጠገባቸው ነበር፤ ልጁ ጠምዞ ሲይዝ ክንዱን ያስተካክሉለታል። ማንም ትምህርት አላለውም። ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ግን እሳቸው ራሳቸው ጎረቤታቸው ስታጠባ አይተው አያውቁም። በሩ ዝግ ነው። አንዲት ልጅ በሕይወቷ መጀመሪያ የምታየው ጡት የሚጠባ ሕፃን የራሷ ልጅ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አማቷ ቅቤ ይዛ ብትመጣ፣ አማቷ ብቻ ስለመጣች ነው።

ይህን ለአማቴ አነበብኩላቸው። ሽንኩርቱ ይሁን ጽሑፉ አላውቅም፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ቁጥር 19 አጭር ናት። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። እዚሁ አራብሳ፣ ከእኛ ብሎክ ሦስት ብሎክ አልፎ ይኖራሉ። ጡት ማጥባት ላይ የሚሰጠውን የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስደዋል። ከፈለግን ቅዳሜ ከሰዓት እንደሚያልፉ ጻፉ። 20 እና 21 የማያውቁትን ሰው አራስ ቤት ማስገባት አደጋ ነው፣ ዘመኑ ከፍቷል ብለው አስፈራሩኝ። 17 እንዳልኳችሁ ብሎ ብቅ አለ። የብሎካችንን ጥበቃ ጠየቅኩት። ግማሽ ሰፈሩን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው ብሎ ሳቀብኝ።

ሲስተር በ10 ሰዓት ደረሱ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን መታጠብ ፈለጉ፤ ውሃ ተራችን ስላልነበረ ከጄሪካን ቀዳሁላቸው። ከዚያ ዱካ ላይ ተቀመጡና ዝም አሉ። ባለቤቴ አጠባች፣ እሳቸው አዩ። አልነኩም፣ አልተናገሩም። አማቴ ቡና እየቆሉ በጥርጣሬ ያዩዋቸዋል። ልጅቷ ስትለቅ የጡቱን ጫፍ አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። የልጅቷን ምላስ በትንሽ ጣታቸው ቀና አድርገው አዩት። አልታሰረም አሉ።

ከዚያ ጋቢዬን ጠየቁኝ። አራት አጥፈው ከልጅቷ ሥር አደረጉት፤ ባለቤቴ ጎንበስ ማለቷ ቀረ። ልጅቷ በጀርባዋ ተንጋላ አንገቷን ጠምዛ ነበር የምትጠባው። ሙሉ አካሏን አዞሩት፣ ሆዷ ከእናቷ ሆድ ገጠመ። ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን እያየሁ ውሃ መዋጥ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ሞከርኩት። ይተናነቃል። ቀጥሎ የጡቱን ጫፍ ከአፏ ሳይሆን ከአፍንጫዋ ትይዩ አስደረጉ። መጠበቅ ነው አሉ። ልጅቷ ሽታውን ተከትላ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። አፏ እንደሚያዛጋ ሰው ተከፈተ። ያኔ ጡቱን ወደ ልጅ ሳይሆን ልጅን ወደ ጡት፣ አገጯን አስቀድሞ። ባለቤቴ ጥርሷን ልትነክስ ተዘጋጅታ ነበር። አልነከሰችም። ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቅ... ቅ... የሚል ድምፅ ሰማን። መዋጥ ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሰምተነው አናውቅም ነበር። አማቴ ቡናውን ምጣዱ ላይ ትተው መጡ። ቡናው አረረ።

ከመሄዳቸው በፊት ልጅቷ እስክትጠነክር ድረስ በየማጥባቱ መካከል በእጅ እየታለበ እንዲጨመርላት ነገሩን። በጡጦ ሳይሆን በቡና ሲኒ። ሲኒው ይቀቀላል። ልጅቷን ቀና አድርጎ የሲኒውን ከንፈር ከከንፈሯ ማስነካት ነው፤ አይፈስባትም፣ እሷ እንደ ድመት ግልገል ትልሰዋለች። አማቴ ይህን ሥራ ወሰዱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሲኒው አለቃ እሳቸው ናቸው፤ የላም ወተት የሚለው ነገርም በዚያው ቀረ። ሌሊት ማጥባት እንዳትተው አጥብቀው አሳሰቡን። ወተት የሚያሠራው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላል። ወተቱን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን ደግሞ ጭንቀት አይወድም። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ጡት በተጠባ ቁጥር ይሠራል፣ ሲተው ይተዋል።

ይህን ሁሉ ቁጥር 22 ላይ ጻፍኩ። ስልክ አልለጠፍኩም፤ 17ን አሰብኩ።

ከዚያ ክሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ቁጥር 23 የሙያውን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። በዓለም ደረጃ የጡት ማጥባት አማካሪዎች የሚፈተኑበት ፈተና ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳለ፣ ያለፈው አይቢሲኤልሲ እንደሚባልና ማረጋገጫውን በየአምስት ዓመቱ እንደሚያድስ አስረዳ። የ40 ሰዓቱን የምክር አገልግሎት ሥልጠና ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1993 እ.ኤ.አ. ነው ያዘጋጁት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በቴሌግራም አማካሪ ነኝ የሚል ሁሉ የት እንደሠለጠነና ስንት እናት አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዳየ ይጠየቅ አለ። ዱቄት ወተት የሚሸጥልህ አማካሪ ከሆነ ግን ሳትጠይቅ ውጣ።

ቁጥር 24 ተናደደ። ጡት ማጥባትም ከውጭ ልናስመጣ ነው ወይ? የኢትዮጵያ እናት ከጥንት ጀምሮ አጥብታ አሳድጋለች። 25 ቁጥር ይዛ መጣች። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ናቸው። ሌሎቹ ውሃም፣ ወተትም፣ ሌላም ይጨመርላቸዋል። 24 ተመልሶ 42 በመቶው እናት አታጠባም ማለትሽ ነው ብሎ ሊያጣምመው ሞከረ። 26 አቃናችው። ማጥባትማ ሁሉም ሊባል በሚችል መልኩ ያጠባል፤ ልዩነቱ ብቻ የሚለው ቃል ላይ ነው። በዚያው ጥናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙት 73 በመቶ እንደሆኑም ጨመረች። 24 ከዚያ በኋላ ስለ ባህል ረጅም ነገር ጻፈ። አላነበብኩትም።

ቁጥር 27 ግራ ጡቷ ድንጋይ ሆኖባት፣ ቀልቶባት ነው የመጣችው። 28 የፈላ ፎጣና ጠንከር ያለ መታሸት አዘዘች። አዋላጇ፣ ቁጥር 9፣ እዚህ ጋ እንደ 29 ተመልሳ ገባች። ድሮ እሷም እንዲያ ትመክር ነበር። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን መመሪያው ተለውጧል። እብጠት ስለሆነ ቀዝቃዛ ነገር ይሻላል፣ ጠንካራ መታሸት ያቆስለዋል፣ አሟጥጦ ማለብም ወተቱን ይበልጥ ያበዛዋል። ማጥባቱ አይቋረጥም። ትኩሳቱ በ24 ሰዓት ካልለቀቀ ወደ ሐኪም። 28 አመሰገነች። በዚህ ክር ውስጥ ተሳስቻለሁ ያለች ብቸኛ ሰው እሷ ናት፤ ስሟን ባውቅ እጠቅሳት ነበር።

ቁጥር 30 ፋብሪካ የምትሠራ እናት ናት። የምትጽፈው በእረፍት ሰዓቷ ነው። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ልጅ ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይጥባ ይባላል። የቀሩት ሦስት ወራት የማን ናቸው ብላ ጠየቀች። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ ወተቷ ልብሷን አልፎ ይወጣል። ሽንት ቤት ቆማ እያለበች ትደፋዋለች። ማንም ቶሎ አልመለሰላትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ 31 የአቀማመጡን ደንብ አመጣችላት። በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ 6 ወር ይቆያል። 32 ፍሪዘር የሚያሠራ መብራት ያለው የትኛው ሰፈር ነው ብላ ጣልቃ ገባች። በቃ፣ 33ና 34 ስለ መብራትና ስለ ውሃ ፈረቃ ሆኑ። ከኮዬ ፈጬ አንዱ ውሃ ካየ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ቁጥር 35 የክሩ ተቆጣጣሪ ወደ ጡቱ እንድንመለስ ለመነን።

የቁጥር 36 ጸሐፊ ስሟን ደብቃለች። ኤች አይ ቪ በደሟ አለ። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች ልጇን አጥብታለች፤ ልጁ ተመርምሮ ነጻ ነው። ጎረቤት ስታጠባ አይቶ ምን ይላል በሚል ስጋት ግን እንግዳ ሲመጣ ጡጦ ይዛ ትቀመጥ ነበር። ባዶ ጡጦ። ቁጥር 37 የጻፈውን አልደግመውም፤ ተቆጣጣሪው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አጠፋው። 38 አዋላጇ ናት፣ ለሦስተኛ ጊዜ። መድኃኒት የምትወስድና ክትትል ያላት እናት እንድታጠባ የሚመከር መሆኑን፣ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ሌላ ነገር ሳይቀላቀል ጡት ብቻ መስጠት እንደሚሻል፣ ለልጁም መከላከያ መድኃኒት እንደሚሰጥ ጻፈች። ለ37 ግን ምንም አልመለሰችለትም።

39 ተቆጥታ ገባች። ቀዶ ሕክምና፣ ደም መፍሰስ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ። ሞክራለች፣ አልሆነም፣ ዱቄት ወተት ሰጥታ አሳድጋለች። እዚህ የሚጻፈውን ሁሉ ስታነብ እንደ ወንጀለኛ ተሰማት። አማካሪ ብታገኝ ኖሮ ምናልባት ይሆን ነበር፤ ምናልባት አይሆንም ነበር። ውሃ በማይኖርበት ሰፈር ጡጦ መቀቀል ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አለ? በጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ ወጥታለች። ቁጥር 40 አያታችን ናቸው። ሁለት መስመር ጻፉላት። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነና ምን ምግብ እንደሚወድ ብቻ ጠየቋት። አምስት ዓመቱ ነው፣ ፓስታ ይወዳል።

የክፍያው ነገር 41 ላይ ተነሳ። ሲስተር ያን ቀን የሰጠኋቸውን ገንዘብ አልተቀበሉም፤ አራስ ጥየቃ መጥቼ አልከፈልም ብለው። ይህን ጽፌ ስለነበር ብዙ ሰው አመሰገናቸው። 41 ግን አልተስማማችም። ሙያው በነጻ ስለሚሰጥ ነው እንደ ሙያ የማይቆጠረው አለች። ቧንቧ ሠሪው ጎረቤታችን ቢሆንም እንከፍለዋለን። አንዲት ሴት ሠላሳ ዓመት ያካበተችውን እውቀት በቡና ሸኝተናት እግዜር ይስጥልን እንላለን። ይህን ሳነብ ፊቴ ቀላ። ሲስተር በሦስተኛው ቀን ሊያዩን ሲመለሱ ፖስታውን ጃንጥላቸው ውስጥ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ዝናቡ ስለነበር መንገድ ላይ ሲከፍቱት አይተውታል። ደውለው ተቆጡኝ፤ ግን አልመለሱትም።

42 ከርዕስ ወጥታ አንድ ነገር አስተዋለች። የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት የሚከበረው ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ነው። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ሳምንቱ ባለቀበት ቀን ጾም ይጀመራል። እመጫት ትጾም አትጾም የሚለውን 43 ሊያነሳው ሲል ተቆጣጣሪው ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት ብሎ ዘጋው። ጎሽ።

44 እኔ ነኝ። በ18ኛ ቀኗ መዘንናት። 3 ኪሎ ከ90። የልደት ክብደቷን ልትመልስ 10 ግራም ቀርቷታል። በቀን ስምንት ዳይፐር ታረጥባለች፤ ያ ደግሞ ከኪሴ ይታወቀኛል። የባለቤቴ ቁስል ቅርፊት ይዟል። ትናንት ማታ እያጠባች እንቅልፍ ወስዷት አየሁ። አማቴ ልጅቷን ቀስ ብለው ተቀበሏት፣ ጀርባዋን መታ መታ አድርገው አስገሷት፣ ሲኒውን ለነገ ቀቀሉት።

45 እልል አለች። 46 ያገለገለ የሕፃን አልጋ የሚሸጥ ካለ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ አንድ የውስጥ መልእክት ደረሰኝ። ከቁጥር 17 ነው። ሚስቱ ስምንት ወሯ ነው፤ የሲስተርን ስልክ ፈልጎ ነው።